ፍሪጁ ከኦቨኑ ጎን ቢቆም ምን አለበት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገኖች። በዚህ ወር የደረሱኝን ደብዳቤዎች ዘርግቼ ሳያቸው አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ሆኑብኝ። ኩሽናው ጠባብ ነው። ኦቨን ተገዝቷል። ኦቨኑ ሲግል አጠገቡ ያለው ፍሪጅ፣ ማይክሮዌቭ፣ የውሃ ማፍያ፣ የጋዝ ሲሊንደር ምን ይሆናል? እኔ ፍሪጅና ስቶቭ እየጠገንኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። የቀለጠ ገመድና የጠቆረ ሶኬት ስንት ቤት እንዳየሁ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ በሙሉ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ቤት ነው የምንኖረው። በቅርቡ ኦቨን ያለው ስቶቭ ገዛን። ኩሽናችን ጠባብ ስለሆነ የተገኘው ቦታ ፍሪጁ አጠገብ ብቻ ነው፤ በመሃላቸው ጣት እንኳን አይገባም። ባለቤቴ “ኦቨኑ እኮ መከላከያ አለው፣ ምንም አይሆንም” ይላል። እኔ ግን ድፎ ዳቦ በጋገርኩ ቁጥር የፍሪጁን ጎን ስነካው ይሞቃል፣ ሞተሩም ድምፁን አያቆምም። ማናችን ነን ልክ? (ሰ. ከጀሞ)

መልስ፦ እህቴ፣ እጅሽ የነገረሽን እመኚው። ባለቤትሽም ግን ከመሬት ተነስቶ አይደለም የተናገረው። ኦቨን ግድግዳው ውስጥ የሙቀት መከላከያ ጥጥ አለው። ካቢኔት ውስጥ የሚገጠመው ዓይነት ደግሞ ብዙ ጊዜ ዙሪያውን የሚያቀዘቅዝ ፋን ስላለው ካጠፉት በኋላ እንኳን ለደቂቃዎች ሲያጉረመርም ይሰማል። በእግሩ የሚቆመው፣ እናንተም የገዛችሁት፣ ብዙ ሰው ቤት ያለው ግን ሌላ ነው። መከላከያው ስስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ፋንም የለውም። ውስጡ 200 ምናምን ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ሲቆይ ጎኑ ላይ እጅ ማሳረፍ ይከብዳል።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር አጣሪ። ጠዋት ኦቨኑ ሳይለኮስ የፍሪጁን ጎን ንኪው። ያኔም ለብ ካለ አትደንግጪ። የአሁኖቹ ብዙ ፍሪጆች ሙቀት የሚያስወጡበት ቱቦ በጎናቸው ቆርቆሮ ስር ተቀብሯል፤ ድሮ ከኋላ እናየው የነበረው ጥቁር ፍርግርግ ወደ ጎን ገብቷል ማለት ነው። መሞቁ ሥራው ነው።

ችግሩም እዚሁ ጋ ነው። ፍሪጅ ቅዝቃዜ የሚያመርት ይመስለናል እንጂ የሚሠራው ሥራ ከውስጥ ሙቀት እየለቀመ ወደ ውጭ መጣል ነው። የሚጥልበት ቦታ ራሱ የጋለ ከሆነ የት ይጣለው? ሞተሩ ዕረፍት ያጣል። ቆጣሪው ይሮጣል። የሞተሩ ዕድሜ ያጥራል። ውስጥ ያለው ወተትና ሥጋ ደግሞ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች መቆየት ሲገባው ሳታውቂው ወደ ላይ ይወጣል። የበዓል ዋዜማን አስቢው፤ ኦቨኑ ውስጥ ዳቦ፣ ምድጃው ላይ ዶሮ ወጥ፣ ፍሪጁ ውስጥ ገና ያልበረደ የበግ ሥጋ፣ በሩ በየደቂቃው እየተከፈተ። ለፍሪጅ ከዓመቱ ሁሉ ከባዱ ቀን ያ ነው፣ እሱን ቀን ደግሞ ከጋለ ብረት ጋር ተለጥፎ ይውላል።

አንዴ በትንሣኤ ሰሞን “ጋዝ ጨርሷል መሰለኝ፣ አያቀዘቅዝም” ተብዬ አንድ ቤት ሄድኩ። ገብቼ ሳይ ፍሪጁ በአንድ ጎኑ ከስቶቩ ጋር፣ በሌላው ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል፣ ከኋላው ደግሞ የታጠፉ ማዳበሪያዎች ተሰክተውበታል። ጋዙ ሙሉ ነበር። ያደረግኩት ነገር ቢኖር ከቤቱ ልጆች ጋር ሆኜ ወደ ሳሎን መግፋት ብቻ ነው። በማግስቱ ደውለው ውሃው በረዶ መያዝ ጀምሯል አሉኝ። የዚያን ቀን ጋዝ ሞልቼ ሒሳብ ብቀበል ኖሮ በሳምንቱ እንደገና ይጠሩኝ ነበር።

ሌላም የምታዪው አለ። ፍሪጅሽ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ከአትክልት መሳቢያው ጎን፣ የተለጠፈ ወረቀት አለ። እዚያ ላይ ኤን፣ ኤስቲ ወይም ቲ የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ፈልጊ። ፍሪጁ በምን ያህል ሙቀት ክፍል ውስጥ እንዲሠራ እንደተሠራ የሚናገሩ ናቸው። ኤን ከ16 እስከ 32 ዲግሪ ነው፣ ኤስቲ እስከ 38፣ ቲ እስከ 43። አዲስ አበባ ላይ ኤን ይበቃል፤ ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ያለ ሰው ቲ ቢይዝ ይሻለዋል። ግን በእናንተ ኦቨንና ፍሪጅ መሃል የታፈነው አየር የአዲስ አበባ አየር አይደለም፤ ከድሬዳዋም ሊብስ ይችላል።

ስንት ሴንቲ ሜትር ይራቅ? የራሳችሁ ፍሪጅ መመሪያ የሚለው ከእኔ ቃል ይቀድማል። ብዙ የአውሮፓ ፍሪጆች መመሪያ ከኤሌክትሪክና ከጋዝ ስቶቭ ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ከከሰልና ከነዳጅ ምድጃ ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር ይላል። ሠላሳውን ልብ በይ፤ ቡና የሚፈላበት የከሰል ምድጃ ፍሪጅ ስር ተጥዶ ያየሁበት ቤት ብዙ ነው። ሦስቱ ደግሞ የመጨረሻው ትንሹ ነው። እኔ በእግሩ ለሚቆም ስቶቭ ከተቻለ 10፣ ከተገኘም 15 ሴንቲ ሜትር እላለሁ። ከፍሪጁ ኋላና አናት ላይም አየር የሚወጣበት ክፍት ይኑር። ፍሪጁ አናት ላይ የሚደረደረው ካርቶንና የሚጫነው ስታቢላይዘርም ያፍነዋል፤ ስታቢላይዘሩ ራሱ ይሞቃልና።

ቦታ ከሌለስ? ፍሪጁን ሳሎን አውጡት። ፍሪጅ ሳሎን መቆሙ ምንም ነውር የለውም፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግማሹ ሰው እንደዚያ ነው የሚኖረው። ወይም በመሃል ቀጭን የማሰሮና የክዳን መደርደሪያ አስገቡ፣ የብረት ቢሆን ይመረጣል። ሁለቱም ካልሆነ አንድ የሚያብረቀርቅ ላሜራ ለብረት ሠራተኛ አሠሩና በሁለቱ መሃል አቁሙት። ላሜራው ግን ኦቨኑንም ፍሪጁንም መንካት የለበትም፤ በሁለቱም በኩል አየር ያስፈልገዋል፣ ከታችና ከላይም ክፍት ይሁን፣ የሞቀው አየር እንዲወጣ። ገመድ እንዳይነካ፣ እንዳይወድቅም በደንብ ይታሰር። ካርቶን፣ ቺፑድ፣ ስፖንጅ በፍጹም። ከድሮ ቤት የተነቀለ የአስቤስቶስ ቆርቆሮ ቆርጠው የሚያስገቡም አይቻለሁ። እባካችሁ ተዉት፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይቀራል፣ ጉዳቱ የሚታየው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ስታንቀሳቅሱት የፍሪጁን በር ጎማም እዩ። ሙቀት ያደርቀዋል። አንድ ወረቀት በሩ መሃል አድርገሽ ዝጊውና ሳቢው። ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎማው አልያዘም፤ በተለይ በኦቨኑ በኩል ያለውን ጥግ ሞክሪ።

ከሁሉ በላይ ግን ገመዱን። ዕቃው ከመበላሸቱ በፊት የሚቀልጠው ገመዱ ነው። ተራ የቤት ገመድ ልባሱ የተሠራው 70 ዲግሪ እንዲችል ነው፣ ከዚያ ካለፈ ይለሰልሳል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። የፍሪጁ ገመድ በኦቨኑ ኋላ አልፎ ከሆነ ዛሬውኑ አዙሩት። የኦቨን ሙቀት መውጫ ብዙ ጊዜ በኋላ በኩል ነውና ገመዱ የሚያርፈው ልክ ትንፋሹ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ብሮ ሰላም ነው? ሰሚት ስቱዲዮ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ኪችኑ ላይ ያለው አንድ ሶኬት ነው። ትንሽ የጠረጴዛ ኦቨን አለኝ፣ ማይክሮዌቩን በላዩ ደርቤዋለሁ። ከጎኑ የውሃ ማፍያና ኤር ፍራየር አሉ። ሁሉም በአንድ ኤክስቴንሽን ነው የሚሠሩት። እስካሁን ምንም አልሆነም፣ ሰሞኑን ግን የሆነ የፕላስቲክ ሽታ ይሸተኛል። ብሬከሩ ግን ጠፍቶ አያውቅም። (የሰሚቱ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ስታነብ ቤት ከሆንክ መጀመሪያ ሂድና ብሬከሩን አጥፋ፣ ከዚያ ኤክስቴንሽኑን ንቀለው። የፕላስቲክ ሽታ ማለት አንድ ቦታ ላይ መቅለጥ ተጀምሯል ማለት ነው። መሰኪያዎቹን አንድ በአንድ እያቸው። ቢጫ የሆነ፣ የጠቆረ፣ ቀዳዳው የሰፋ ካለ ወርውረው፣ በቴፕ ጠቅልለህ አታቆየው።

ብሬከሩ አለመጥፋቱ አያጽናናህ። ብሬከር የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ ያለውን መስመር ነው። ኤክስቴንሽንህ ላይ ምናልባት 10 አምፒር ተጽፎ ይሆናል፤ በእኛ 220 ቮልት ይህ ማለት 2200 ዋት ነው። አሁን የአንተን ደምር። የጠረጴዛ ኦቨን 1500 አካባቢ፣ ኤር ፍራየር 1500፣ የውሃ ማፍያ 2000፣ ማይክሮዌቭ 1200። ከ6000 በላይ። አምፒሩ 28 ነው። የግድግዳው ሶኬት ራሱ 16 ነው የሚችለው። አራቱንም በአንድ ጊዜ ባትከፍታቸውም የውሃ ማፍያውና ኦቨኑ ብቻ ሲሠሩ የኤክስቴንሽኑ አቅም አልፏል፣ 16 ወይም 20 አምፒር ያለው ብሬከር ግን ገና ምንም አልመሰለውም። ገመዱ እየጋለ ብሬከሩ ዝም የሚለው ለዚህ ነው።

ወደ ድርደራው ልምጣ። የጠረጴዛ ኦቨን አናቱ ከሁሉም ጎኑ በላይ ይግላል፤ ብዙዎቹ እንዲያውም “ላዩ ላይ ምንም አታስቀምጡ” የሚል ጽሑፍ ታትሞባቸዋል። ማይክሮዌቭ ደግሞ እግሩ ፕላስቲክ ነው፣ ሆዱ ውስጥ ያለውም ኤሌክትሮኒክስ ነው፣ አየር የሚስብበትና የሚያወጣበት ቀዳዳ ከጎን፣ ከኋላ ወይም ከስር አለው። ከስር የኦቨን ትንፋሽ ሲገባበት ወይ ራሱን ያጠፋል፣ ወይ ቀስ ብሎ ይቃጠላል። ማይክሮዌቩን ግድግዳ ላይ በብረት መደርደሪያ ስቀለው። አከራይህ ግድግዳ አትብሳ ካለህ በራሱ የሚቆም የብረት ሸልፍ አለ፣ ከላይ ማይክሮዌቭ፣ ከታች የውሃ ማፍያ። ኦቨኑ ብቻውን ይቁም፤ ከኋላው 10 ሴንቲ ሜትር፣ ከአናቱ 30 ሴንቲ ሜትር ባዶ ተውለት። ኤር ፍራየሩም ከኋላው የሚጋረፍ አየር ያወጣል። አየሩ ወደ ኦቨኑ ገመድ፣ ወደ መጋረጃ ወይም ወደ ዘይት ጄሪካን እንዳይነፍስ አዙረው።

ስለ ሶኬቱ፣ አከራይህን አናግርና በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሌላ መስመር አስገቡ። እስከዚያው በአንድ ጊዜ አንድ የሚያሞቅ ዕቃ ብቻ፣ እሱም በቀጥታ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ።

ሳልረሳው። መብራት ሲሄድ ምን ታደርጋለህ? ብዙ ሰው ሻማ ነው የሚፈልገው፣ ወይም “እስኪመጣ ካፌ ልውጣ” ይላል። ኦቨኑ ግን ክፍት እንደሆነ ነው። መብራቱ ሲመጣ አንተ የለህም። ላዩ ላይ ፎጣ ወይም የዳቦ ፌስታል ተቀምጦበት ከሆነ የሚሆነውን ታውቀዋለህ። እኔ የማውቃቸው ሁለት የኩሽና ቃጠሎዎች እንዲህ ነው የጀመሩት። መብራት ጠፋ ማለት እጅ ወደ ኦቨኑ ቁልፍ መሄድ አለበት። የሻማው ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ልጄ እንደምን አለህ። እኔ አዳማ ነው የምኖረው፣ ልጆቼ የጋዝ ኦቨን ገዝተውልኛል፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሲሊንደሩን ከኦቨኑ ጎን ጥግ ላይ አስቀመጡት። በሌላው ጎን ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣዴ አለ፣ በሳምንት ሁለቴ እጋግራለሁ። ጎረቤቴ “ሲሊንደሩ ይፈነዳል” እያለች ታስፈራራኛለች። እውነት ነው ወይ? (እናታችሁ ከአዳማ)

መልስ፦ እናቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጎረቤትዎ ያሳሰባት ነገር ትክክል ነው፣ ልምከራቸው ብላ ነው። ሲሊንደር በተቀመጠበት ዝም ብሎ አይፈነዳም። ሙቀት ግን ውስጡ ያለውን ጋዝ ያስጨንቀዋል፣ ግፊቱ ይጨምራል። ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ የለበትም። አዳማ በራሷ ሞቃት ከተማ ናት፤ በአንድ በኩል ኦቨን፣ በሌላ በኩል ምጣድ ሲጨመርበት ያ ጥግ ለሲሊንደር አይሆንም።

ልጆችዎን ይጥሯቸውና ሲሊንደሩን ቢያንስ አንድ ሜትር ያርቁት። ግድግዳ በስተው ከቤት ውጭ፣ ጥላ ባለበት፣ በብረት ሳጥን ውስጥ ቢያስቀምጡት ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ይህን ግን የጋዝ ባለሙያ ይሥራው። የትም ይሁን፣ ቀጥ ብሎ ይቁም። አግድም አይተኛ። ጎማው በኦቨኑ ኋላ አይለፍ፣ የጋለ ብረት አይንካው፣ አይታጠፍ። ጎማው ላይ የተሠራበት ወይም የሚያበቃበት ዓመት ይታተማል። ካለፈበት፣ ከደረቀ ወይም ሲያጥፉት ስንጥቅ ካሳየ ይቀየር፤ ዋጋው ከሚያመጣው ጉዳት ጋር አይነጻጸርም።

መፍሰሱን ለማወቅ ክብሪት አይለኩሱ፣ አደራ። ውሃ ውስጥ ሳሙና ይበጥብጡና አረፋውን በሲሊንደሩ አንገትና በጎማው መጋጠሚያ ላይ ይቀቡት። አረፋው ከተነፋ ጋዝ እየወጣ ነው። የምንጠቀምበት ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲፈስ ወደ ላይ አይወጣም፣ ወለል ላይ ይተኛል፣ ጥግና ጉድጓድ ይፈልጋል። ሽታውን ሆን ብለው ነው የሚጨምሩበት፣ እንድናውቀው። ሌሊት ከሸተተዎ አምፖል እንኳን አያብሩ፣ የበራም ካለ አያጥፉ። ሲሊንደሩን ይዝጉ፣ በርና መስኮት ይክፈቱ፣ ወደ ውጭ ይውጡና ከዚያ ሰው ይጥሩ።

አሁን ወደ ምጣዱ ልሂድ። ምጣድዎ ከሦስት ሺህ ዋት በላይ ነው፣ ብዙዎቹ 3500 አካባቢ ይወስዳሉ። ለብቻው መስመርና ለብቻው ብሬከር ይፈልጋል፤ ከፍሪጁ ጋር በአንድ ኤክስቴንሽን ሆኖ ከሆነ ዛሬውኑ ይለያዩ። መጋገር ሲጀምሩ መሰኪያውን ይንኩት። ለብ ማለት ያለ ነው። ካቃጠለዎ ግን ሶኬቱ ላልቷል ወይም ገመዱ ቀጥኗል። ምጣድና ኦቨን በአንድ ጊዜ ባይሠሩ ነው የምመርጠው። እንጀራውን ጠዋት፣ ዳቦውን ከሰዓት።

ሰፌዱ፣ ማሰሻው፣ የዘይቱ ጠርሙስ፣ የፕላስቲክ ሞሰቡ ሁሉ በምጣዱና በኦቨኑ መሃል ባለችው ክፍት ቦታ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ እናቴም ቤት እንደዚያው ነው። ሰፌድ ሣር ነው፣ ማሰሻው ጨርቅና ዘይት ነው። ለእነሱ ከምጣዱ ፊት ለፊት ዝቅ ያለ በርጩማ ያዘጋጁላቸው። የበረሮ መግደያ ፍሊትም ካለ ከኩሽናው ይውጣ፤ ጣሳው ላይ ራሱ ከ50 ዲግሪ በላይ አታሙቁ ይላል። የልጅ ልጆችዎ ሲመጡ ደግሞ የምጣዱ ገመድ መሬት ላይ ተንጠልጥሎ እግራቸው እንዳይጠለፍ፣ ከግድግዳው ጋር ይያዝ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። አፓርታማችን ውስጥ ጠረጴዛ ስለሌለ የኤሌክትሪክ ግሪሉን ስቶቩ ላይ አስቀምጬ ነው እንጀራ የምጋግረው። ባለ መስታወት ስቶቭ ነው፣ አጥፍቼው ነው የምጠቀመው። እህቴ ደግሞ “ቤቱን ታቃጥዪዋለሽ” ትለኛለች። አጋነነች አይደል? (ሄ. ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ አላጋነነችም። ስቶቩን አጥፍተሽ ነው የምትጋግሪው፣ ይህን አምኛለሁ። ግን የስቶቩ ቁልፍ ከሆድሽ ትይዩ ነው። ስትጎነበሺ ልብስሽ ይነካዋል፣ ልጅ ይነካዋል፣ አንቺ ራስሽ የግሪሉን የከፈትሽ መስሎሽ የስቶቩን ትከፍቺዋለሽ። የዚያን ጊዜ ከግሪሉ ስር ያለው መስታወት ይግላል፣ የግሪሉ የፕላስቲክ እግርና ገመድ ደግሞ እዚያው ላይ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ለቤት ቃጠሎ ዋናው መነሻ ምግብ ማብሰል ነው፤ የእሳት አደጋ ባለሙያዎቻቸው ስቶቭ ላይ ሊቃጠል የሚችል ነገር እንዳይቀመጥ ሳይታክቱ የሚናገሩት ለዚህ ነው። ከስር ያለውን ኦቨን ጎን ለጎን የምትጠቀሚ ከሆነ ደግሞ ትኩስ አየሩ ከስቶቩ ኋላ ይወጣና የግሪሉ ገመድ ላይ ይነፋል።

ታጣፊ ጠረጴዛ ግዢ። እንጨቱ ላይ የሴራሚክ ንጣፍ ወይም ሙቀት የሚችል ሰሌዳ አንጥፊበት፣ ወደ መስኮት አስጠጊው፣ ከግድግዳው አርቂው፣ ሕፃን ካለ ዙሪያውን አንድ ሜትር አታስቀርቢ። እዚያ ያለው መብራት 120 ቮልት ስለሆነ 1400 ወይም 1500 ዋት ያለው ግሪል 12 አምፒር ገደማ ይጎትታል፤ የኩሽና ሶኬት ከ15 ወይም ከ20 አያልፍም። እየጋገርሽ በዚያው መስመር ላይ ማይክሮዌቭ ወይም ቡና ማፍያ ከከፈትሽ ብሬከሩ ይወርዳል። ለጭሱ ብለሽ የጭስ ማንቂያውን ባትሪ አውጥተሽ ከሆነ ደግሞ፣ እባክሽ አሁን መልሺው። መስኮት ክፈቺ፣ ፋኑን አብሪ፣ ማንቂያው ግን ይኑር።

ጥያቄ፦ የኪችን ካቢኔታችን ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ከኦቨኑ ጎን ያለው በር ላይ ያለው ነጭ ልባስ እየተላጠ፣ ጠርዙም እየተነፋ ነው። አናጢው “የዕቃው ጥራት ነው” ይላል፣ ኦቨን የሸጠልን ሰው ደግሞ “አናጢው ነው” ይላል። (ከአያት)

መልስ፦ ሳላየው ፍርድ አልሰጥም፣ ግን የሚሆነውን ልንገርህ። ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የሚሠራው የካቢኔት ሰሌዳ) ላይ የሚለጠፈው የፕላስቲክ ልባስ ሙጫው 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መልቀቅ ይጀምራል። የኦቨን አምራቾች ደግሞ መመሪያቸው ላይ ኦቨኑ የሚገባበት ካቢኔት 90 ወይም 95 ዲግሪ፣ ከጎን ያሉት በሮች ደግሞ 70 ዲግሪ መቻል አለባቸው ብለው ይጽፋሉ። ያንን ገጽ አናጢው አይቶት ያውቃል? ብዙ ጊዜ ኦቨኑ የሚመጣው ካቢኔቱ ካለቀ በኋላ ነው፣ መመሪያውም ካርቶኑ ውስጥ ቀርቶ ከካርቶኑ ጋር ይጣላል።

የኦቨኑን በር ጎማ ፈትሽ። ኦቨኑ እየሠራ መዳፍህን ሳታስነካ ወደ በሩ ጠርዝ አስጠጋ፤ በአንድ በኩል ብቻ የሚጋረፍ ከሆነ ጎማው ሞቷል፣ ሙቀቱም ቀጥታ ካቢኔቱ ላይ ነው የሚያርፈው። ጎማው ለብቻው ይገዛል፣ ከነሞዴሉ ቁጥር ይዘህ ሂድ። ጎማው ደህና ከሆነ ኦቨኑ የገባበትን ሳጥን ከኋላ እየው። ብዙ አናጢ ጀርባውን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል፣ እዚያ መከፈት ነበረበት፣ አየሩ ከታች ገብቶ በላይ እንዲወጣ። የጀርባውን ቺፑድ አስቆርጠው፣ የተላጠውን በር ደግሞ ከዚያ በኋላ አስለውጥ፤ ቀድመህ ከለወጥከው አዲሱም ይላጣል። ሌላው ደግሞ ዳቦው ከወጣ በኋላ የኦቨኑን በር ገርበብ አድርጎ ማቀዝቀዝ ነው። ትኩሱ አየር በሙሉ ከላይና ከጎን ባለው የካቢኔት በር ላይ ነው የሚወጣው። ዘግተህ ተወው፣ በራሱ ጊዜ ይበርዳል።